ገበያ የወጣ ድርሻ፦ «ፍሪ ፍሎት» ለአነስተኛ ባለአክሲዮን ምኑ ነው?

ቃሉ፦ ፍሪ ፍሎት
አማርኛው፦ ገበያ የወጣ ድርሻ
ፍቺው፦ ከአንድ ኩባንያ ጠቅላላ አክሲዮን ውስጥ ዋናዎቹ ባለቤቶች አጥብቀው ከያዙት ተርፎ፣ ማንም ሰው በገበያ ሊገዛውና ሊሸጠው የሚችለው ክፍል።

ከበርበራ ወደብ ኮንቴይነር ጭኖ የተነሣ መኪና ቶጎ ውጫሌንና ጅግጅጋን አልፎ ወደ ሐረር ሲያቀና በባቢሌ በኩል ያልፋል። ወደቡን የሚያስተዳድረው ዲፒ ወርልድ የተባለው የዱባይ ኩባንያ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የሚነግድ ሰው «ዕቃው ሁሉ በእነሱ እጅ ካለፈ፣ አክሲዮናቸውን ገዝቼ ለልጆቼ ባኖረውስ?» ቢል የሚነቀፍ ሐሳብ አይደለም። ወደብና መርከብ በአንድ ዓመት ሠርተው የሚጠፉ ነገሮች አይደሉም፤ ለረጅም ጊዜ ጥሪት የሚመቹ ይመስላሉ። ነገር ግን ኩባንያው አትራፊ መሆኑን ከመጠየቅ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ጉዳይ አለ፦ ከአክሲዮኑ ገበያ የወጣው ምን ያህሉ ነው?

ነገሩን የባቢሌ ለውዝ በደንብ ያስረዳል። አንድ ትልቅ ገበሬ 100 ኩንታል አምርቶ 80ውን መጋዘን ቢቆልፍበት፣ የዕለቱን ዋጋ የሚቆርጠው ገበያ የወጣው 20 ኩንታል ነው። ሁለት ጠንካራ ገዢዎች ቢሻሙበት ዋጋው ይሰቀላል፤ ገዢ ሲጠፋም በአንድ ቀን ይወርዳል። የተቆለፈውም ቢሆን ለዋጋው ባዕድ አይደለም። ባለቤቱ መጋዘኑን ቢከፍት ገበያው ይጥለቀለቃል፤ «20ውንም መልሼ ልግዛ» ካለ ደግሞ ገበያው ባዶውን ይቀራል። አነስተኛ ባለአክሲዮን የሚኖረው በእነዚህ ሦስት ዕድሎች መካከል ነው።

አሰላሉ

ስሌቱ ቀላል ነው። ከኩባንያው ጠቅላላ አክሲዮን ላይ መንግሥት፣ እናት ኩባንያ፣ መሥራቾችና ሥራ አመራሮች የያዙት፣ እንዲሁም ለተወሰነ ጊዜ እንዳይሸጥ የታገደው ይቀነሳል። የተረፈው ለጠቅላላው ይካፈልና በመቶኛ ይነገራል። የአክሲዮን ገበያዎች ለዚህ መጠን ወለል ያበጃሉ። ለምሳሌ በለንደን ገበያ እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ በአብዛኛው ቢያንስ 25 በመቶው በሕዝብ እጅ እንዲሆን ይጠየቅ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወለሉ ወደ 10 በመቶ ወረደ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሉን «ነጻ ተንሳፋፊ ድርሻ» ብሎ መመለስ ይቻል ነበር፤ አንባቢን ግን ያደናግራል። አክሲዮኑ በነጻ የሚታደል ወይም ባለቤት የሌለው ሊመስለው ይችላል። «ገበያ የወጣ» ሲባል ግን ቀሪው ገበያ አለመውጣቱም አብሮ ይታወቃል፤ የጽንሰ ሐሳቡ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

ለ12 ዓመት ተኩል የያዘ ሰው

ወደ በርበራው ኩባንያ እንመለስ። ዲፒ ወርልድ በኅዳር 2000 ዓ.ም. በዱባይ ገበያ አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጧል። ዋጋው በአክሲዮን 1.30 ዶላር ሲሆን 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሰብስቧል። ገበያ የወጣው 23 በመቶው ብቻ ነበር፤ ቀሪው በዱባይ መንግሥት ኩባንያ እጅ ቆየ። ብዙም ሳይቆይ የዓለም የገንዘብ ቀውስ መጣና የአክሲዮኑ ዋጋ ከግማሽ በታች ወረደ። በ2003 ዓ.ም. ኩባንያው 20 አክሲዮኖችን ወደ አንድ አጠፈና በለንደን ገበያም ተመዘገበ። በ2007 ዓ.ም. ከለንደን ወጥቶ በዱባይ ብቻ ቀረ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ገበያ የወጣው ድርሻ 19.55 በመቶ ነበር።

በየካቲት 2012 ዓ.ም. ትልቁ ባለቤት ይህንን 19.55 በመቶ በአክሲዮን በ16.75 ዶላር ልግዛ አለ። የዕለቱ የገበያ ዋጋ 13 ዶላር ስለነበር የተወራው ስለ ጭማሪው ነበር። ጉዳዩ ለአነስተኛ ባለአክሲዮኖች ድምፅ ቀረበና አለፈ። ድምፁ ካለፈ በኋላ ውሳኔው ያልፈለገውንም ያስገድዳል፤ «እኔ አልሸጥም» ማለት አይቻልም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. አክሲዮኑ ከገበያው ተሰረዘ።

አሁን በእጅ እንቁጠረው። አንድ ሰው በ2000 ዓ.ም. 2,000 አክሲዮን ሲገዛ 2,600 ዶላር ከፍሏል። ከእጥፋቱ በኋላ 100 አክሲዮን ሆነለት። በ2012 ዓ.ም. በ16.75 ሲገዙት 1,675 ዶላር ተቀበለ። በየዓመቱ ያገኘው የትርፍ ድርሻ ሳይቆጠር ከዋናው 925 ዶላር ጎደለበት። ኩባንያው ግን በእነዚያው ዓመታት አልከሰረም፤ ዓመታዊ ገቢው ከ2 ነጥብ 7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወደ 7 ነጥብ 7 ቢሊዮን አድጓል። ኩባንያ ማደጉና የአነስተኛ ባለአክሲዮን ጥሪት ማደጉ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ጉድለቱ ከምን መጣ? አንደኛው፣ የገባበት ጊዜ። ገበያው በጋለበት ወቅት በውድ ተገዝቷል። የባሕር ንግድ ደግሞ ከዓለም ንግድ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ሥራ ነው። ሁለተኛው፣ የመውጫውን ሰዓት የመረጠው እሱ አለመሆኑ ነው። ዋጋው ዝቅ ባለበት ወቅት መጋዘኑን የያዘው «ልግዛ» አለ። «ለልጆቼ እይዘዋለሁ» ያለ ሰው ዕቅዱን የሚፈጽመው ትልቁ ባለቤት እስከፈቀደለት ድረስ ነው።

ድርሻ ሁሉ ገበያ የወጣ አይደለም

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቅ ነገር አለ። በየካቲት 2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በበርበራ ወደብ 19 በመቶ ድርሻ እንደምትይዝ ሲነገር፣ ዲፒ ወርልድ 51፣ ሶማሌላንድ 30 በመቶ ነበራቸው። ይህ በሁለት መንግሥታትና በአንድ ኩባንያ መካከል የተደረገ ስምምነት እንጂ የአክሲዮን ገበያ ጉዳይ አልነበረም፤ ገበያ የወጣ ድርሻው ዜሮ ነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. የሶማሌላንድ ባለሥልጣናት ኢትዮጵያ ግዴታዋን በጊዜው ባለመወጣቷ ድርሻውን ማጣቷን ተናገሩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የጅግጅጋ ወይም የባቢሌ ነጋዴ አንድ አክሲዮን እንኳ የሚገዛበት በር አልነበረም።

የራሳችን የባሕር ኩባንያም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ መነሻው በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የንግድ መርከብ ድርጅት ነው፤ በ2004 ዓ.ም. ከደረቅ ወደብና ከባሕር ትራንዚት ድርጅቶች ጋር ተዋሃደ። በቻይና ካስገነባቸው መርከቦች መካከል «ጅግጅጋ» እና «ሐረር» የሚል ስም የተሰጣቸው አሉ። ባለቤቱ ግን በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ በኩል መንግሥት ብቻ ነው። የጅግጅጋ ስም ያለባት መርከብ ባሕር ላይ ብትሄድም የጅግጅጋ ሰው የድርጅቱን አክሲዮን መግዛት አይችልም። ስለዚህ «የመርከብ ድርጅቱን አክሲዮን አገናኛለሁ» የሚል ደላላ ቢመጣ የሚሸጠው ነገር የለውም።

በአገር ቤት ለትምህርት የሚሆነው የኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 10 በመቶው፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ በ300 ብር ለኢትዮጵያውያን ቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ትልቁ 3,333 ነበር። የካቲት 7 ቀን ሲዘጋ 47,377 ሰዎች 10 ነጥብ 7 ሚሊዮን ገደማ አክሲዮን ገዝተዋል። ሊወጣ የታሰበው 10 በመቶ ቢሆንም በዚያ ሽያጭ በሕዝብ እጅ የገባው ከኩባንያው 1 በመቶ ያህሉ ነው። የታወጀውንና የተሸጠውን ለይቶ ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ባንኮቻችን የነገሩን ሌላ ገጽታ ያሳያሉ። ባለአክሲዮኖቻቸው በሺዎች ይቆጠራሉ፤ አንድ ሰው ከ5 በመቶ በላይ እንዳይዝ ሕግ ለረጅም ጊዜ ከልክሎ ኖሯል። ድርሻው የተበተነ ነው፤ የሚገናኙበት ገበያ ግን አልነበረም። ሻጭ ገዢውን በየዘመዱና በየወዳጁ ሲፈልግ ኖሯል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲከፈት የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ሆነ። ገበያ የወጣ ድርሻ ትርጉም የሚኖረው ድርሻው የሚወጣበት ገበያ ሲኖር ነው።

ከመፈረም በፊት

«ደንበኛ ሳቢ መግለጫ» የሚባለውን የሽያጭ ሰነድ ሲያገላብጡ እነዚህን ይፈልጉ።

• ትልቁ ባለቤት ማን ነው? ከመቶ ስንት ይዟል?
• ገበያ የወጣው ስንት ነው? ወደፊትስ ሌላ ሊወጣ ታስቧል?
• ትልቁ ባለቤት ቀሪውን ልግዛ ቢል ዋጋው እንዴት ይተመናል? የአነስተኞቹ ድምፅ ምን ያህል ይመዝናል?
• የትርፍ ድርሻ የሚከፈለው በምን ደንብ ነው? መውጫው በሌላው እጅ ከሆነ፣ በየዓመቱ እጅ የሚገባው ገንዘብ ዋነኛው መተማመኛ ነው።
• አክሲዮኑ በየትኛው ገበያ ይሸጣል? በወር ምን ያህል እጅ ይለውጣል?

ገበያ የወጣው ድርሻ ትንሽ መሆኑ ብቻውን አክሲዮኑን መጥፎ አያደርገውም፤ መንግሥት አብላጫውን የያዘባቸው አትራፊ ኩባንያዎች ሞልተዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለውን አክሲዮን የሚገዛ ሰው ከኩባንያው ጋር ብቻ ሳይሆን ከትልቁ ባለቤት ጋርም ሽርክና መግባቱን ይወቅ። የሸሪኩን ጠባይ ሳያጣራ ገንዘቡን ለ10 ዓመት አያስቀምጥ።