በሴንት አንድሩስ የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ ለመጫወት መታወቅ ያለባቸው ጉዳዮች

በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ የሚገኘው የሴንት አንድሩስ ነባር ሜዳ፣ በስሙ ኦልድ ኮርስ፣ ከዝናው የተነሣ ለአባላት ብቻ የተከለለ ይመስላል። ይሁንና የሕዝብ ሜዳ ነው። ነዋሪዎች በሥፍራው የመጫወት መብታቸው እ.ኤ.አ. በ1552 በጽሑፍ የታወቀላቸው ሲሆን፣ የአሁኑ አስተዳዳሪ እ.ኤ.አ. በ1974 በፓርላማ ሕግ የተቋቋመ የአደራ ድርጅት ነው።

አስቀድሞ ቦታ ያልያዘ እንግዳ ከመጫወቻው ዕለት ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በሚወጣው ዕጣ መሳተፍ ይችላል። የችሎታ ደረጃን የሚያሳይ የሃንዲካፕ ማስረጃ ስለሚጠየቅ፣ ከአገር ሳይወጡ መያዝ ይገባል። ከታላላቅ ውድድሮች በስተቀር እሑድ ጨዋታ የለም፤ በመሆኑም ጉዞውን ለእሑድ ያቀደ ሰው ሳይጫወት ይመለሳል። በዕለቱ ሜዳው ነዋሪዎች ከነውሾቻቸው የሚንሸራሸሩበት መናፈሻ ይሆናል፤ ይህም ቢሆን መታየት የሚገባው ነው።

ለአዲስ ተጫዋች ይበልጥ የሚያደናግረው የጉድጓዶቹ አቀማመጥ ነው። ከ18ቱ ጉድጓዶች 14ቱ፣ ግሪን የሚባለውን በአጭር የታጨደ ሣር ሁለት ሁለት ሆነው በ7 ሥፍራ ይጋራሉ፤ የተጋሪዎቹ ቁጥር ሲደመር ምንጊዜም 18 ይሆናል፤ ለምሳሌ 2ኛው ከ16ኛው ጋር። በጉዞው መሄጃ ነጭ፣ በመመለሻው ቀይ ባንዲራ ይተከላል፤ ነጭ የሆነው 18ኛው ብቻ ከዚህ ይለያል። ባንዲራውን ሳያጣራ የሚመታ ሰው ኳሱን ወደ ሌሎች ተጫዋቾች ሊልክ ይችላል።

1ኛውንና 18ኛውን ሜዳ የሕዝብ መንገድ ያቋርጣቸዋል። እግረኛ እስኪያልፍ ድረስ የሚጠብቀው ተጫዋቹ ነው።