ስለ ኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወናና ስለ ሰዎች ምርጫ

በመሥሪያ ቤትዎ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ኮምፒዩተር ሲከፈት ከሁሉ አስቀድሞ ብቅ የሚል፥ ለጽሕፈቱም ለሒሳቡም ለመዝገቡም በር የሚከፍት አንድ አገልጋይ አለ። የሙያው ሰዎች ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሉታል፤ በአማርኛም ሥርዓተ ክወና የሚል ስም ወጥቶለታል። ይህን አገልጋይ በቀድሞው የቤተ መንግሥት ወግ ብንመስለው ከአጋፋሪ ጋራ ይመሳሰላል። አጋፋሪ ባለጉዳዩን በተራው ያስገባል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ያሳያል፤ ጌታው ሳይፈቅድ ማንም ዘው ብሎ እንዳይገባ ይከለክላል። ሥርዓተ ክወናም እንደዚሁ ፕሮግራሞች ሁሉ የማሽኑን ማስታወሻ፥ ዲስኩንና ማተሚያውን በየተራቸው እንዲጠቀሙ ያደርጋል፤ አንዱ የሌላውን ስፍራ እንዳይቀማም ይጠብቃል።

አጋፋሪው ግን በሁሉም ቤት አንድ አይደለም። አንዱ ዊንዶውስ፥ ሁለተኛው ማክ ኦ ኤስ፥ ሦስተኛው ሊኑክስ ይባላል። ወዳጆቻቸውም «የእኔ ይሻላል» ሲባባሉ ዘመን አልፏል። በሻይ ሰዓት ይህ ሙግት ሲነሣ በሩቅ የሰማ ሰው የሚከራከሩት ስለ እግር ኳስ ቡድን ይመስለዋል። እኔ ዛሬ ለእርስዎ ለመግለጽ የተነሣሁት የትኛው እንደሚበልጥ ሳይሆን፥ ይህ ምርጫ ከየት እንደ መጣ ነው። እንደሚመስለኝ፥ ምርጫዬ ብለን ከምንሟገትለት ነገር ብዙው ሌላ ሰው ቀደም ብሎ የወሰነልን ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

ነገሩን ከ1981 ዓ.ም. እንጀምር። በዚያ ዓመት በኦገስት ወር አይ ቢ ኤም የተባለው ታላቅ የአሜሪካ ኩባንያ ለግለሰብ ጠረጴዛ የሚሆን ኮምፒዩተር ለገበያ አወጣ። ገዢው ማሽኑን ከገዛ በኋላ ሥርዓተ ክወናውን ለብቻው መርጦ እንዲገዛ ተደርጎ ነበር። በዚያን ጊዜ በትናንሽ ኮምፒዩተሮች ዘንድ እጅግ የታወቀው፥ ጋሪ ኪልዳል የተባለ ሰው በ1974 ዓ.ም. የጻፈው ሲ ፒ ኤም ነበር። ሌላው ደግሞ ገና ትንሽ ኩባንያ የነበረው ማይክሮሶፍት ያቀረበው ዶስ ነው። ዶስን ማይክሮሶፍት ከመሠረቱ አልጻፈውም፤ ቲም ፓተርሰን የተባለ መሐንዲስ በሲያትል ለሚገኝ አነስተኛ ድርጅት የሠራውን ገዝቶ ነው ያቀረበው።

ገዢው ምን አደረገ? የዶስ ዋጋ 40 ዶላር ነበር። ለአዲሱ ማሽን የተዘጋጀው ሲ ፒ ኤም ግን ዘግይቶ ከመድረሱም በላይ 240 ዶላር ይጠየቅበት ነበር። የሁለቱን ባሕርይ አስተያይቶ፥ መርምሮና አመዛዝኖ የወሰነ ገዢ ቢኖርም ጥቂት ነው፤ የቀረው ሁሉ ኪሱን ጠይቆ ኪሱ መለሰለት። ከዚያ በኋላ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ብዙ ሰው የያዘውን ዶስን እያዩ ለእርሱ ጻፉ፤ ሕዝቡም ብዙ ፕሮግራም ያለው ለዶስ ነው ብሎ ዶስን ገዛ። ደግሞም ማይክሮሶፍት ዶስን ለሌሎች ኩባንያዎች የመሸጥ መብቱን በውሉ ጠብቆ ስለ ነበር፥ የአይ ቢ ኤምን ማሽን እየመሰሉ የሠሩ ፋብሪካዎች ሁሉ ደንበኞቹ ሆኑ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ «እኔ ዶስን እመርጣለሁ» የሚለው የቢሮ ሠራተኛ፥ ይህ ምርጫው የተወለደው ከ200 ዶላር ልዩነት መሆኑን የሚያውቅ አይመስለኝም።

በዶስ መሥራት ቀላል አልነበረም። በጥቁር መስታወት ላይ ትእዛዙን ፊደል በፊደል መጻፍ ያስፈልጋል፤ አንዲት ነጥብ ብትሳት ማሽኑ አላወቅሁም ብሎ ይመልሳል። የአንድ ሰነድ ስም ደግሞ ከ8 ፊደላት፥ ከነጥቡም በኋላ ከሚጨመሩት 3 ፊደላት ሊበልጥ አይችልም ነበር። የዓመቱን የበጀት ሪፖርት በ8 ፊደል መሰየም ምን ያህል ጥበብ እንደሚጠይቅ እርስዎ የመዝገብ ሰው ነዎትና አይጠፋዎትም።

በ1984 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር አፕል የተባለው ኩባንያ ማኪንቶሽን አወጣ። በዚህ ማሽን ትእዛዝ መጻፍ ቀርቶ፥ ተጠቃሚው ማውስ በተባለች ትንሽ መሣሪያ በመስታወቱ ላይ ያሉትን ሥዕሎች እያመለከተ ይሠራ ጀመር። ሰነዱ የወረቀት ሥዕል፥ የማይፈለገውም መጣያ የቆሻሻ መጣያ ሥዕል አለው። ሐሳቡ ከአፕል የፈለቀ አይደለም፤ ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ በካሊፎርኒያ ባለው የምርምር ማእከሉ በ1973 ዓ.ም. አልቶ በተባለ ማሽን ሞክሮታል፤ የአፕል ሰዎችም በ1979 ዓ.ም. ሄደው ተመልክተዋል። ዋጋው 2,495 ዶላር ነበር። የዶስ ወዳጆች «ይህ መጫወቻ ነው» አሉ፤ የማኪንቶሽ ወዳጆችም «እናንተ በድካማችሁ ትኮራላችሁ» ብለው መለሱ። በሁለቱም አነጋገር ውስጥ እውነት አለ። ሰው በብዙ ድካም የተማረውን ነገር ሌላው ያለ ድካም ሲያገኘው ደስ አይለውም።

ማይክሮሶፍትም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1985 ዓ.ም. ዊንዶውስን አወጣ፤ አፕልም በ1988 ዓ.ም. የማሽኔን መልክ ወስደሃል ሲል ከሰሰው፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ አፕል ተረታ። ዊንዶውስ በእውነት የተስፋፋው በ1990 ዓ.ም. ሦስተኛው እትም ከወጣ በኋላ ሲሆን፥ በኦገስት 1995 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 95 ደግሞ በየቢሮው ገባ። ያ የ8 ፊደል ወሰንም በዚያን ጊዜ ተነሣ።

በዚህ መካከል በ1994 ዓ.ም. ኡምቤርቶ ኤኮ የተባለው ጣሊያናዊ ደራሲ በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ሁለቱን ወገኖች በቀልድ በሁለት የሃይማኖት ማኅበሮች መሰላቸው። ማኪንቶሽን ካቶሊክ ነው አለ፤ ምእመኑን ሁሉ እጁን ይዞ ደረጃ በደረጃ ያደርሰዋልና። ዶስን ግን ፕሮቴስታንት አለው፤ እያንዳንዱ በራሱ እንዲተረጉምና ከባዱን ውሳኔ በራሱ እንዲወስን ይተወዋልና። ቀልዱ የተወደደው ክርክሩ በእርግጥ የእምነት ክርክር መልክ ይዞ ስለ ነበር ነው። ለዚህም ምስክር የሚሆነው በኦገስት 1997 ዓ.ም. በቦስተን የሆነው ነው። አፕል ለመክሰር ተቃርቦ ሳለ ማይክሮሶፍት 150 ሚሊዮን ዶላር በኩባንያው አክሲዮን ላይ እንደሚያውል ስቲቭ ጆብስ በስብሰባው ፊት አስታወቀ። የማይክሮሶፍቱ ቢል ጌትስ በትልቁ መስታወት ላይ ሲታይ ግን ከተሰበሰቡት የማኪንቶሽ ወዳጆች መካከል ብዙዎቹ ጮኹበት። ገንዘቡን ይዞ ለመጣው ሰው የተደረገ አቀባበል ይህ ነበር።

የሦስተኛው ወገን ታሪክ ሌላ ነው። በ1969 ዓ.ም. ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት ጀመሩ። በ1983 ዓ.ም. ሪቻርድ ስቶልማን ዩኒክስን የሚመስል፥ ማንም ሰው ውስጡን አይቶ፥ አርሞና ለሌላው አካፍሎ ሊጠቀምበት የሚችል ሥርዓት ለመሥራት መነሣቱን አስታወቀ። በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሔልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑክስን አወጣ፤ የሁለቱ ሥራ ተጋጠመ። የማይክሮሶፍት የበላይ ሹም የነበሩት ስቲቭ ባልመር በ2001 ዓ.ም. ሊኑክስን ከነቀርሳ ጋር አመሳሰሉት፤ በ2016 ዓ.ም. ግን ያው ማይክሮሶፍት የሊኑክስ ፋውንዴሽን አባል ሆነ። አፕልም በ2001 ዓ.ም. ያወጣው አዲሱ ማክ ኦ ኤስ መሠረቱ የዩኒክስ ዘር ነው። «ሊኑክስ ለእኔ አይሆንም» የሚል ሰውም አንድሮይድ የሆነ ስልክ በኪሱ ከያዘ፥ ሊኑክስን ቀኑን ሙሉ ይዞት ይዞራል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ግለሰብ ነው። እርስዎ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ነዎትና፥ መሥሪያ ቤት ሲመርጥ ምን እንደሚሆን በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ የደረሰውን ቢሰሙ ይጠቅምዎታል። የሙኒክ ማዘጋጃ ቤት 14,000 ያህል ኮምፒዩተሮች ነበሩት፤ የሚሠሩበት ዊንዶውስ ኤን ቲ የተባለው እትም አርጅቶ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ሊያቋርጥ ነበር። የከተማው ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ወደ ሊኑክስ ለመዛወር ሐሳብ ባቀረበ ጊዜ፥ ስቲቭ ባልመር የበረዶ ሸርተቴ ዕረፍታቸውን አቋርጠው ከንቲባውን ክርስቲያን ኡደን ሊያነጋግሩ በግንባር መጡ፤ የዋጋ ቅናሽም ቀረበ። ምክር ቤቱ ግን አልተመለሰም። ዋናው ምክንያት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን፥ የከተማው ጽሕፈት በአንድ ሻጭ እጅ እንዳይወድቅ ነበር። ለሥራውም ሊሙክስ የሚል ስም ወጣለት።

ዝውውሩ ከታሰበው በላይ ረዘመ። በየመምሪያው ሠራተኞች በዓመታት ውስጥ ለራሳቸው ያበጁዋቸው የደብዳቤ ቅጾችና የስሌት ሠንጠረዦች እጅግ ብዙዎች ነበሩ፤ ሁሉም እየተፈተሹ እንደ ገና መሠራት ነበረባቸው። የበላዮቹ ያልጠበቁት የሥራ ክምር ይህ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ከተማው ከ10 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ማዳኑን ገለጸ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻም 15,000 ያህል ኮምፒዩተሮች ተዛውረው ሥራው ተፈጸመ ተባለ።

ሠራተኛው ግን ሁሉም ደስ አላለውም። ከውጭ መሥሪያ ቤት የመጣ ሰነድ ሲከፈት ሠንጠረዡ ይዛባል፤ አስተካክሎ የመለሰውም በወዲያኛው ወገን ዘንድ እንደ ገና ይዛባል። ባለጉዳይ ፊት ቆሞ ይህን የሚያስተካክለው ጸሐፊው እንጂ ምክር ቤቱ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. አዲስ ከንቲባ ተመረጡ፤ ቅሬታውም ጆሮ አገኘ። ከተማው አስጠንቶ በ2016 ዓ.ም. የወጣው ጥናት ዋናው ችግር የመሣሪያው ሳይሆን የአደረጃጀቱ ነው አለ። ምክር ቤቱ ግን በኖቬምበር 2017 ዓ.ም. ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። ለእኔ የሚታየኝ፥ የሁለቱም ወገን ምክንያት እውነተኛ መሆኑ ነው፤ የከተማውን ነፃነት የፈለገው ሹምም፥ ሥራው እንዳይስተጓጎል የፈለገው ጸሐፊም አልተሳሳቱም። የጎደለው በሁለቱ መካከል የሚሰማማ ሰው ነበር። በ2020 ዓ.ም. በሙኒክ ሥልጣን የያዙት ፓርቲዎች በተቻለ መጠን ክፍት የሆኑ ፕሮግራሞችን ለመጠቀም ተስማሙ፤ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ሽሌስቪግ ሆልሽታይን የተባለው የጀርመን ክፍለ ሀገር 30,000 ያህል የመንግሥት ኮምፒዩተሮቹን ከማይክሮሶፍት ፕሮግራሞች ለማላቀቅ መነሣቱን አስታወቀ።

ወደ እኛ ፊደል ስንመለስ ደግሞ ምርጫው ሌላ መልክ አለው። ከእነዚህ ሥርዓቶች አንዱም ሲፈጠር ሀ ሁን አያውቅም ነበር። በአንድ የፊደል ቅርጽ ውስጥ ከ256 የማይበልጥ ስፍራ ብቻ ስለ ነበር፥ ከነዲቃላዎቹና ከነቁጥሮቹ የበዛውን የግእዝ ፊደል የአማርኛ ፕሮግራም ሠሪዎች በላቲን ፊደላት ስፍራ ላይ እየተኩ፥ አንዳንዴም በሁለትና በሦስት እየከፈሉ አስቀመጡት። ሁሉም በየራሱ መንገድ ሄደ፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ቢከፈት የማይነበብ የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል። ፓወር ግእዝን የመሰሉት ፕሮግራሞች የተሠሩት ለዊንዶውስ ስለ ነበር፥ የአማርኛ ጸሐፊ ጣቱ በለመደው ቁልፍ ሰሌዳ የተነሣ ለዊንዶውስ ታማኝ ሆነ። ይህም ምርጫ ከተባለ፥ የመረጠው ጣት ነው።

በሴፕቴምበር 1999 ዓ.ም. ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ በሦስተኛው እትሙ ለግእዝ 345 ምልክቶችን መዘገበ፤ እያንዳንዱ ፊደል በየትኛውም ማሽን የማይለወጥ የራሱ ቁጥር ተሰጠው። በመጀመሪያ ጊዜ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳና ኒያላ የተባለ የፊደል ቅርጽ ይዞ የወጣው ዊንዶውስ፥ በጃንዋሪ 2007 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው ቪስታ ነው። ማክ ኦ ኤስም ከፋ የተባለውን ቅርጽ ያዘ፤ በሊኑክስም አቢሲኒካ የተባለው በነፃ ይገኛል። ስለዚህ ዛሬ በአንዱ የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ በሌሎቹ ሁለቱም ይነበባል።

ከዚያ በፊት የተጻፈው ግን እንደዚያው ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ዲስክ ውስጥ በእነዚያ ቀደምት ፕሮግራሞች የተጻፈ ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ ተኝቶ ካለ፥ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ቢከፈት የሚታየው ያው የላቲን ዝብርቅርቅ ነው፤ የጥንቱ የፊደል ቅርጽ ያለበት ማሽን እስካልተገኘ ወይም ቁልፉን የሚያውቅ ሰው ወደ ዩኒኮድ እስካልመለሰው ድረስ፥ ምን እንደሚል ሊነበብ አይችልም።