በበትር የተተከለ እርሻ፤ የዘጌ ገዳማትና የድርቅ ዘመን

ስለ ገዳማት ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሱት ብራናውን፥ ሥዕሉንና የነገሥታቱን ስጦታ ነው፤ ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን አባቶች በምድር ላይ የጻፉት ሌላ ታሪክ አለ፤ ይኸውም የዛፍና የእርሻ ታሪክ ነው። ለዚህ የጐላ ምስክር የሚሆነን ከባሕር ዳር አጠገብ ወደ ጣና ሐይቅ ገብቶ የሚታየው የዘጌ ምድር ነው።

በገዳማቱ ትውፊት እንደሚነገረው፥ ቡና፥ ጌሾና ሎሚ በዘጌ የበቀሉት ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ነው። ነዋሪው በእነዚህ እንዲተዳደር፥ ምድሪቱን ግን በበሬ እንዳያርስ፥ ከብትም እንዳያረባ ግዝት ሆነ። ከዚህ የተነሣ ዘጌ የእህል ማሳ መሆኑ ቀርቶ የጥላ እርሻ ሆነ፤ ከላይ ታላላቅ ዛፎች ይቆማሉ፥ ከሥራቸውም ቡናውና ጌሾው ይበቅላሉ። ዛሬ የግብርና ሊቃውንት «ጥምር ደን እርሻ» ብለው የሚያስተምሩት ይህንኑ የመሰለውን ነው።

የዚህ ሥርዓት ጥቅም በድርቅ ጊዜ ይገለጣል። ጥላው የፀሓዩን ግለት ስለሚመክት የዐፈሩ እርጥበት ፈጥኖ አይተንም፤ የረገፈው ቅጠል በስብሶ ምድሪቱን ያለሰልሳል፤ ሥሩም የዝናሙን ውኃ ወደ ውስጥ ያሰርጋል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰውን መከራ ያየ ሰው፥ ዝናም ሲቀር የተራቈተ ምድር ምን እንደሚሆን አይዘነጋም። ረኃቡ ከዛፍ መጥፋት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሆኖም የተራቈተው መሬት መከራውን አከበደው።

ይህ ጥበብ የኛ ብቻ አይደለም። በዱባይ ከተማ፥ በአል ሙራቃባት ሠፈር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወደ አል ዐይን ቢጓዝ፥ በበረሃው መካከል በተምር ዛፍ ጥላ ሥር ፍራፍሬ፥ ከእርሱም በታች የከብት መኖ የሚበቅልበትን የቈየ የእርሻ ልማድ ያገኛል። ውኃውም «ፈላጅ» በሚባል ቦይ ይመጣል። የአል ዐይን ጥንታዊ ሥፍራዎች እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል።

ነገር ግን ታሪክን ማስጌጥ አይገባም። በበሬ ያልታረሰ ምድር በሰው እጅ ይኰተኰታል፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዘጌ የቡና እርሻ ከደከሙት መካከል በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ደግሞም እህል የማይዘራ ሕዝብ እህሉን የሚሸምተው ቡናውን ሽጦ ነው። ስለዚህ የቡናው ገቢ ባነሰ ጊዜ፥ የተቸገረ ሰው ዓይኑን ወደ ታላቁ ዛፍ ያነሣል፤ ቈርጦም ማገዶ አድርጎ ወደ ገበያ ያወርደዋል። ዛፉ ሲወድቅ ግን ቡናው ጥላውን ያጣል፤ የነገው ገቢም አብሮ ይወድቃል።

እንግዲህ ዘጌ የሚያስተምረን ሁለት ነገር ነው። ግዝቱ ዛፉን ለብዙ ዘመን ጠብቆታል፤ ግዝት ብቻውን ግን የተራበን ቤተ ሰብ አይመግብም። በደጋም በቈላም በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን የተረፉት ወይራና ዋንዛ በግንብ ውስጥ ታጥረው እንዲቀሩ ሳይሆን፥ ዘራቸው ተለቅሞ፥ ችግኝ ሆኖ ወደ ገበሬው ማሳ እንዲወጣ ያስፈልጋል። ወደ ዘጌ ለመሳለም የሚሄድ ምእመንም ከገዳሙ ደጅ ሲመለስ ከባላገሩ ጥቂት ቡና በተገባ ዋጋ ቢገዛ፥ አንድ ዛፍ ሳይቈረጥ እንዲያድር ረድቷል ማለት ነው።