«ፍቅር እስከ መቃብር»ና የምሥራቅ ጎጃም አድማጭ

በቀድሞው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ይገኙ ከነበሩት አውራጃዎች መካከል ቢቸናና ሞጣ ከዓባይ ሸለቆ በላይ ባለው ደጋ ላይ ተያይዘው የተቀመጡ ናቸው። ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ አስቀድሞ ቢቸናን፥ ቀጥሎም ሞጣን ያገኛል። በቅኔ ትምህርት ስሙ ከጥንት ጀምሮ የተጠራው የዲማ ጊዮርጊስ ደብርም የሚገኘው በዚሁ በቢቸና በኩል ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ ታሪካቸውን በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙ ጊዜ ደብሩ ሁለተኛ ዝና አገኘ፤ ይኸውም ደጁን ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ በዛብህና ሰብለ ወንጌል የተዋወቁበት አገር መሆኑን ዐውቆ ስሙን በፍቅር የሚጠራው ሆነ።

ደራሲው የተወለዱት በጎጃም፥ በደብረ ማርቆስ አካባቢ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረዋል። ኋላም ከራስ እምሩ ሠራዊት ጋር ጠላትን ሲዋጉ ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ፤ ከነፃነት በኋላም በውጭ አገር እንደራሴነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል። ስለዚህ ስለ ዲማ የጻፉት ከልጅነት ዕውቀታቸው ቀድተው ነው እንጂ ከሩቅ ተመልክተው አይደለም። ሆኖም መንደሮቹ ማንኩሳና ዲማ በእውነት ያሉ ሲሆኑ፥ ሰዎቹ ግን የፈጠራ ናቸው። በኋላ ጊዜ የአድማጩን ስሜት ያን ያህል ያነሣሣው ጉዳይ ከዚህ እንደሚጀምር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ታሪኩ «ከዕለታት አንድ ቀን በአንድ አገር» ብሎ የሚጀምር ተረት ቢሆን ኖሮ ሰሚው ባለታሪኮቹን ከተረት ሰዎች ጋር አኑሮ ዝም ባለ ነበር። ቦታው የታወቀ ሲሆን ግን ፊታውራሪ መሸሻ የማን ዘር ናቸው፥ ቤታቸውስ በየት በኩል ነበር ብሎ መጠየቅ ለባላገር የተገባ ነው፤ በጎጃም ሰውና መሬት በትውልድ ቈጠራ የተሳሰሩ ነበሩና።

መጽሐፉ በታተመበት ዘመን ከኢትዮጵያ ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ማንበብ አይችልም ነበር። የመጀመሪያዎቹ አንባብያን የአዲስ አበባ ተማሪዎች፥ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። «መሬት ላራሹ» የሚለው የተማሪዎች ሰልፍ የተደረገው በ1957 ዓ.ም. ነውና፥ እነዚህ አንባብያን መጽሐፉን ሲገልጡ ጆሯቸው አስቀድሞ ለአንድ ድምፅ ተዘጋጅቶ ነበር። ስለዚህም ከፍቅሩ ይልቅ የጉዱ ካሣን ንግግር፥ ከሰብለ ወንጌልም እንባ ይልቅ የባላገሮቹን አመፅ አጥብቀው ያዙ። ይህ አነባበብ ስሕተት ነው ለማለት አይቻልም፤ ከግማሹ የሚበልጠውን መጽሐፍ ግን ሳይነካ ይተወዋል።

ሁለተኛው ወገን፥ ማለት አድማጩ፥ የመጣው ዘግይቶ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት በየክፍሉ እየቈረጠ ተረከው። ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነው ድርሰት በዚህ ጊዜ ወደ ማይነበብበት ቤት ገባ። ሬዲዮ ያለው ደጁን ከፍቶ የሌለውን ጎረቤት ማስገባቱ፥ በሻይ ቤትና በሱቅ በር ሰው ተሰብስቦ ማዳመጡ የዚያ ዘመን የታወቀ ነገር ነው። ወጋየሁ ብቻውን ሆኖ ለፊታውራሪ መሸሻ የትዕቢት፥ ለሰብለ ወንጌል የሐዘን፥ ለጉዱ ካሣ የሚሳለቅና የሚነድ ድምፅ ይሰጣቸው ነበር። ከዚያም ወዲህ መጽሐፉን የሚገልጥ ሰው በዓይኑ እያነበበ በጆሮው የእርሱን ድምፅ ይሰማል። ደራሲ ከተራኪው ጋር ክብሩን እንዲህ የተካፈለበት ሌላ የአማርኛ ድርሰት ማግኘት ያስቸግራል።

በክፍል በክፍል ተቈርጦ የሚመጣ ታሪክ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነውን? ብዙዎች ይህን ልማድ ከአውሮፓ ጋዜጣ ጋር የመጣ አድርገው ይቈጥሩታል። ዳሩ ግን በዲማም ሆነ በሞጣ ጊዮርጊስ ሲያስቀድስ ያደገ ምእመን ከዚህ የሚመሳሰል ነገር ያውቃል፤ ይኸውም ተአምረ ማርያም ነው። ይህ መጽሐፍ ከውጭ መጥቶ በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግዕዝ እንደ ተመለሰ፥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በበዓላት ሁሉ እንዲነበብ እንዳዘዙ የታወቀ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ባለበት አልቆመም። በየዘመኑ አዲስ ተአምር፥ የአገር ተወላጅ የሆነ ሰውና የታወቀ ቦታ ያለበት ታሪክ እየተጨመረበት ብዛቱ ወደ መቶዎች ደረሰ። ምእመኑ ቆሞ የሚሰማው ከዚህ ትልቅ ጉባኤ አንዱን ቁራጭ ነው፤ ቀሪውን ለሌላ ቀን ይጠብቃል። ኃጢአተኛው እንዴት ይድን ይሆን ብሎ እስትንፋሱን ይይዛል፥ ሲድንም ያመሰግናል። ሬዲዮውን የከበበው ባላገር በዚሁ ሥርዓት የሠለጠነ ጆሮ ነበረው።

ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። በተአምሩ የተሳለ ሰው ስለቱን ቢያፈርስ እንኳ ምሕረት የምታሰጥ እመቤት አለችው። በሐዲስ ዓለማየሁ ታሪክ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በዛብህ ሳያገባ ቤተ ክርስቲያን ያገለግል ዘንድ ይሳላሉ፤ በዛብህም የወላጆቹን ስለት ተሸክሞ በፍቅር ይወድቃል፥ የሚታደገውም አይመጣም። በዚህ ስፍራ የአድማጩ ልብ ለሁለት ይከፈላል። ስለት እንደማይፈርስ በሃይማኖቱ ያምናል፥ የሁለቱን ጋብቻ ደግሞ ይመኛል። የከተማው ሐያሲ ይህን «ባህል ከግል ነፃነት ጋር የተጋጨበት» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል። ለቢቸና እናት ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ በልጇ ሕመም ጊዜ የተሳለችውን የማታስታውስ እናት የለችምና።

ከባለታሪኮቹ ሁሉ ከመጽሐፉ ወጥቶ በሕዝብ አፍ የቀረው ጉዱ ካሣ ነው። እውነትን በመናገሩ እንደ እብድ የተቈጠረ ሰው በየሰፈሩ «ጉዱ ካሣ» ይባላል፤ ስሙ የተጸውዖ ስም መሆኑ ቀርቶ የጠባይ መጠሪያ ሆነ። እውነቱን ለመናገር የጉዱ ካሣ ንግግር በመጽሐፉ አንዳንድ ቦታ ይረዝማል፥ ደራሲው በእርሱ አፍ እንደሚናገሩም ይታወቃል። በድምፅ ሲሰማ ግን ርዝመቱ ጉድለት አልሆነም። ምክንያቱም የጎጃም አድማጭ በነገር ቤት የሚሟገትን፥ በቅኔ ማኅሌት ሰምና ወርቅ የሚሰነዝርን ሰው በትዕግሥት የመስማት ልማድ አለው፤ ነገሩ ሲያምርለት «ይበል!» ብሎ ያጸድቃል፥ ሲበላሽም አይምርም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የባላገሮቹ አመፅ ነው። በታሪኩ ውስጥ ባላገሮች በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ይነሣሉ፥ አበጀ በለውም መሪያቸው ሆኖ ፊታውራሪን ይማርካል። መጽሐፉ ከታተመ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1960 ዓ.ም.፥ በእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ምክንያት የጎጃም ገበሬ በእውነት ተነሣ። የአመፁ ጽኑ ሥፍራዎችም ሞጣ፥ ቢቸናና ዳሞት ነበሩ። መንግሥት ጦር አዘመተ፥ በአውሮፕላንም ደበደበ፤ በመጨረሻ ግን የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴን አንሥቶ ውዝፍ ግብርን ማረ። ይህን ያየ ሰው ደራሲውን ነቢይ ቢያደርግ አይፈረድበትም።

ሆኖም ሁለቱን አመፆች አንድ ማድረግ ታሪክን ማጣመም ነው። በመጽሐፉ ያለው ጠብ በጌታና በገባሩ መካከል የሚደረግ ነው። የሞጣና የቢቸና ገበሬ ግን አብዛኛው ባለርስት ስለ ነበረ የተነሣው በቅርብ ጌታው ላይ ሳይሆን በማዕከላዊው መንግሥት ላይ ነው። ግብር ሲባል ቅየሳ፥ ቅየሳም ሲባል ርስት መነቀል ሆኖ ታየው። በ1930ዎቹም የመሬት ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ እንዲሁ ተቃውሞ ነበር። እንግዲህ ገበሬው የተነሣው አባቱ በነገረው እንጂ መጽሐፍ አንብቦ አይደለም።

በሬዲዮ የተሰማው ግን ከአመፁ በኋላ ነውና ነገሩ ተገለበጠ። በሞጣ ወይም በቢቸና አበጀ በለው ፊታውራሪውን ሲማርክ የሰማ ጎልማሳ የ1960ን አውሮፕላን በዓይኑ ያየ ነበር። ከእርሱ የሚያረጀው ደግሞ የቢቸናውን አርበኛ የበላይ ዘለቀን ዝና ያውቃል፤ በላይ አምስቱን ዓመት ከጠላት ጋር ተዋግቶ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት መሞቱንም ያስታውሳል። ለእንዲህ ያለ ሰሚ የአበጀ በለው ነገር የሚያስፎክርም የሚያሳዝንም ነው። አዲስ አበባ ያለው ተማሪ በአመፁ ውስጥ የሚመጣውን ሲያይ፥ የምሥራቅ ጎጃም አድማጭ ያለፈውን ሰማበት።

የአብዮቱ ዘመን ባለሥልጣኖች ፊታውራሪ መሸሻን የፊውዳል ሥርዓት ምሳሌ አድርገው ማቅረብ ይመቻቸው ነበር። አድማጩ ግን በሰውየው ትዕቢት ይስቃል፥ ሲዋረድም ደስ ይለዋል፤ ያለቀሰው ግን ለልጃቸው ነው። ሰብለ ወንጌል የመኳንንት ልጅ ናት፤ ስሟም የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት የነበሩት የእቴጌ ሰብለ ወንጌል ስም ነው። በዚያን ጊዜ በነበረው ትምህርት መሠረት ሊታዘንላት አይገባም ነበር። አገር ሁሉ አዘነላት።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ብዙ ባላገር ፊደል ቈጠረ፥ መጽሐፉም በተደጋጋሚ ታተመ። ድምፁ ግን አልተተወም፤ በካሴት፥ ኋላም በሌላ መሣሪያ እየተገለበጠ ተራኪው ካረፈ በኋላ የተወለደውን ትውልድ ደረሰ። ደራሲው በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ፤ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም የባህል ጥናት ተቋሙን በስማቸው ሰየመ። ዛሬ ከቢቸና ተሳፍሮ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በደጀን በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ሰብለ ወንጌል የመነኵሴ ልብስ ለብሳ በእግሯ በዛብህን ፍለጋ የወጣችው ከዚያው ከዲማ ተነሥታ ወደዚያው ወደ አዲስ አበባ ነው።