የከተማ ሙቀት ደሴትና የሳተላይት ምስል

የከተማ ሙቀት ደሴት የሚባለው፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ያለው ሙቀት በዙሪያው ካሉት የእርሻና የደን ስፍራዎች ሙቀት በልጦ የሚገኝበት ሁኔታ ነው። ይህንም አስቀድሞ በቁጥር የገለጸው እንግሊዛዊው ሉክ ሃዋርድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1818 ጀምሮ ስለ ለንደን የአየር ጠባይ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በከተማውና በገጠሩ መካከል ያለው ልዩነት ከመዐልት ይልቅ በሌሊት ጎልቶ እንደሚታይ በቴርሞሜትር መዝገብ አስረድቷል። ድንጋይ፣ ጡብና አስፋልት የፀሐይን ሐሩር ቀኑን ሙሉ ሲቀበሉ ውለው ሌሊት ቀስ በቀስ ይለቁታል፤ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ያሉ ጠባብ መንገዶችም ወደ ሰማይ ሊያርግ የሚገባውን ሙቀት ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እያቀባበሉ ያቆዩታል፤ ውኃን ወደ ተን እየለወጠ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ዛፍና ሣር ደግሞ በከተማ ጥቂት ነው።

ማንኛውም አካል እንደ ሙቀቱ መጠን ዐይን የማያየውን ጨረር ስለሚያወጣ፣ ሳተላይት ይህን ጨረር ከላይ ሆኖ በመቀበል የገጸ ምድርን ሙቀት ለማስላት ያስችላል። ክሪሽና ራኦ የተባሉ ሊቅ የከተማ ሙቀት ደሴት በዚህ መንገድ ሊታይ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1972 ካሳዩ ወዲህ መሣሪያው እየረቀቀ ሄዷል። ሆኖም እያንዳንዱ መሣሪያ በአንድ በኩል ሲያተርፍ በሌላ በኩል ይጎድለዋል። በሁለት ሳተላይቶች ላይ የተተከለው ሞዲስ የተባለው መሣሪያ፣ መዐልትም ሌሊትም በየቀኑ አራት ጊዜ ያህል ቢያይም፣ የምስሉ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ኪሎ ሜትር ስለሚሸፍን መንገድን ከመንገድ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2013 የመጠቀው ላንድሳት 8 የተባለው ሳተላይት ግን ሙቀትን በ100 ሜትር ስፋት ለይቶ ሲያይ፣ ወደ አንድ ስፍራ የሚመለሰው በ16 ቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም በረፋዱ ሰዓት ነውና፣ አሥር ቀን የሚዘልቅ ሐሩር እርሱ ሳያየው መጥቶ ሊያልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ የሚሠራው ኢኮስትረስ የተባለው መሣሪያ በተለያየ ሰዓት ስለሚያልፍ ይህን ጉድለት በከፊል ሞልቷል።

ምስሉን የሚያነብ ሰው ሊዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። ሳተላይቱ የሚለካው የክዳኑን፣ የመንገዱንና የቅጠሉን ገጽ ሙቀት እንጂ ሰው የሚተነፍሰውን አየር አይደለም፤ ደመና በጋረደውም ጊዜ ምድሩን ከቶ አያይም። ከሁሉ ይልቅ አሳሳቹ ብረት ነው፤ ያልተቀባ ብሩህ ቆርቆሮ በእጅ የማይነካ እስኪሆን ቢግልም፣ የሚያወጣው ጨረር ጥቂት በመሆኑ፣ ጠባዩ በስሌቱ ካልታረመ በምስሉ ላይ ቀዝቃዛ መስሎ ይታያል።

የዚህን ጥናት ጥቅም ጉልህ ያደረገው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2003 በምዕራብ አውሮፓ የወረደው ሐሩር ነው። በፈረንሳይ አገር በሃያ ቀን ውስጥ ከወትሮው በላይ ወደ 15,000 የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ፤ የሚበዙትም አረጋውያን ነበሩ። በፓሪስ ለኦገስት 12 አጥቢያ ሌሊት ቴርሞሜትሩ ከ25.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አልወረደም። ተመራማሪዋ ቤኔዲክት ዱሴና ባልደረቦቻቸው የዚያን ሰሞን የሳተላይት ምስሎች ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ቀን ቀን ሙቀቱ የበረታው በከተማው ዳር ባሉት የኢንዱስትሪ ሰፈሮች ተበታትኖ ሲሆን፣ ሌሊት ግን ወደ ፓሪስ ማዕከል፣ የድንጋይ ቤቶች ወደ ተጠጋጉበት ስፍራ መዞሩን አገኙ፤ የአረጋውያኑም ሞት ከሌሊቱ ሙቀት ጋር ይበልጥ የተያያዘ ነበር። መንሥኤውን መረዳት አያዳግትም፤ ቀኑን ሙሉ የደከመ ልብ ሌሊት ዕረፍት ካላገኘ ይዝላል፤ በላይኛው ፎቅ ከጣሪያው ሥር የሚያድሩ ሰዎች ለአደጋው ይበልጥ ተጋልጠው የተገኙትም ስለዚህ ነው። የፓሪስ ክዳን አብዛኛው ዚንክ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ ከላይ ስለ ብረት የተነገረው ማስጠንቀቂያ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2004 ብሔራዊ የሐሩር መከላከያ ዕቅድ አወጣች፤ ሐሩሩ ግን አልቀረም፤ ፓሪስ እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 2019 በታሪኳ ከፍተኛ የሆነውን 42.6 ዲግሪ መዘገበች። እንግዲህ ዛፍ የሚተከልበትን ሰፈርና ሐሩር በበረታ ጊዜ ደጁ የሚንኳኳለትን አረጋዊ ቤት የሚወስኑ የከተማ ሹማምንት፣ የረፋዱን ምስል ብቻ አይተው እንዳይፈርዱ፣ የሌሊቱንም ምስል አስቀርበው እንዲመረምሩ ያስፈልጋል።