የቅኔ ቤት ሒሳብ

የባሕረ ሐሳብ መምህር የ2018 ዓ.ም. ፋሲካ መቼ እንደሚውል ለማወቅ የቀን መቁጠሪያ አይገልጥም። በ2018 ላይ 5500 ዓመተ ኩነኔን ይጨምርና 7518 ይላል። ይህን ለ19 ሲያካፍለው 13 ይተርፋል፤ አንዱን ይቀንስና 12ን «ወንበር» ይለዋል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ፣ ሠላሳ ሠላሳው ሲወጣ፣ 12 አበቅቴ ይቀራል። በ19 ሲባዛ ደግሞ የሚተርፈው 18 መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሞሉ ተማሪው ተሳስቷል። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ መስከረም 18 ላይ ይውላል፤ ዕለቱ እሑድ ነው፣ የእሑድ ተውሳክ 7። 18 እና 7 ሲደመሩ 25፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ትገባለች። ከእሷ 69 ቀን ሲቆጠር ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ።

ይህን የሚያሰላው ሰው ለብቻው የተለየ የቁጥር ባለሙያ አልነበረም። ዳዊት የደገመ፣ ዜማ የተማረ፣ ቅኔ የቆጠረ የቤተ ክህነት ሰው ነው። እርግጥ የቆሎ ተማሪ ሁሉ ባሕረ ሐሳብን አይዘልቅም። ነገር ግን የዘለቀው፣ ለቁጥር ሲል ከቅኔው አልተነጠለም። ዛሬ 11ኛ ክፍል የደረሰን ልጅ «ናቹራል» ወይስ «ሶሻል» ብለን እንለየዋለን፤ ሶሻል ከሚገቡት ውስጥ ከሒሳብ አመለጥኩ ብሎ የሚደሰተው ጥቂት አይደለም።

በትውፊቱ፣ የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ የአጽዋማትና የበዓላት ስሌት እንዲገለጥለት በሌሊት 23፣ በቀን 7 ሱባኤ ያዘ ይባላል። ሱባኤ ሰባት ነውና 23 በ7 ሲባዛ 161፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲወጣ 11። 7 በ7 ደግሞ 49፤ ትራፊው 19። አበቅቴና መጥቅዕ የሚባዙባቸው ቁጥሮች እነዚሁ ናቸው። 11 ደግሞ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከጨረቃው 354 የሚበልጥበት ልክ ነው። ስሌቱን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላውቅም፤ ጾሙን ያስታወሰ ቀመሩንም ያስታውሳል።

የጥንት ሒሳብና ሥነ ፈለክ ታሪክ አጥኚው ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 ቪየና ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የግእዝ ብራናዎቹ የጥንቷን እስክንድርያ ስሌት ጠብቀው እንዳቆዩ አሳይቷል።

ጠብቆ ማቆየቱ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ቅኔ ቤት የትናንቱን ቅኔ ደግሞ የሚያቀርብ ተማሪ አይመሰገንም፤ በየቀኑ አዲስ ይጠበቅበታል፣ የቆጠረውም ይነቀፋል፣ ይታረማል። ይህ ድፍረት ወደ ቁጥሩ ብዙም አልተሻገረም። የ19 ዓመቱ ዑደት ከእውነተኛዋ ጨረቃ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይዘገያል። በ2018 የፋሲካዋ ጨረቃ በስሌቱ የምትሞላው መጋቢት 28 ሲሆን በሰማይ ግን መጋቢት 24 ንጋት ላይ ሞልታለች። አራት ቀን ለማንኛውም እረኛ ዓይን የሚታይ ልዩነት ነው። ሊቃውንቱ አላዩትም ብዬ አልገምትም። ባሕረ ሐሳብ ሰማይን ለመመርመር የተሠራ አይደለም፤ ግብፅና ኢትዮጵያ ሳይላላኩ በአንድ ቀን እንዲፈስኩ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሁሉም ስሌት አንድ መሆኑ ከጨረቃዋ ትክክለኛነት ይበልጥ ያስፈልግ ነበር።