ስልኩ ውኃ አያቀብልም

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠልን ሰፈሩን በጭስ ስናጥን፣ ልማዱ ከምን እንደመጣ የምናስታውስ ስንቶቻችን ነን? በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ፤ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። በከተማዋ ብቻ እስከ 10,000 ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል።

ያን ሁሉ ሰው የገደለው በሽታው ብቻ አልነበረም። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲወድቅ፣ ውኃ የሚያቀብልና አጥሚት የሚያሞቅ ሰው ይጠፋል። ከተማዋ ያኔም ስልክ ነበራት፤ ከሐረር ጋር የሚያገናኛት መስመር ከተዘረጋ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። ግን ማን ለማን ይደውል? ቢደወልስ ማን ይመጣል?

አሁን ወደ አዊ እንሂድ። ጥር 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር 80ኛ ዓመቱን ሲያከብር እንጅባራ በሰውና በፈረስ ተጥለቅልቃ ነበር። ከአርባ ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4፣ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ። 8335 እና 952 የሁሉም ሰው ቁጥር ሆኑ። መጀመሪያ ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ወደ ማዕከል ይወሰድ ነበር፤ አልጋው እያነሰ ሲመጣ ግን ሕመሙ ያልጠናበት ሰው ቤቱ ሆኖ በስልክ ክትትል እንዲደረግለት ተወሰነ። ነርሷ ከሩቅ ሆና «ትኩሳት አለ? ትንፋሽ ያጥራል?» ትላለች።

ጥሩ ነው። ችግሩ ኮሮና አታላይ መሆኑ ነው፤ ኦክስጅኑ እየወረደ ሰውየው «ደህና ነኝ» ሊል ይችላል። ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ ከሌለ ነርሷ የምትሰማው ድምፁን ብቻ ነው። ዳንግላ ገጠር ያሉ እናት ደግሞ አዊኛ ብቻ የሚናገሩ ከሆነ ድምፃቸውንም አትሰማም፤ የምትሰማው ልጃቸው የተረጎመላትን ነው። «ለብቻ ክፍል ይተኙ» የሚለው ምክርም አንድ ክፍል ላለው ጎጆ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱት።

ይህን ክፍተት የምትሞላ ሰው ግን ነበረችን። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲመደቡ ተደረገ፤ ከአካባቢው የተመለመሉ፣ ቋንቋውንም ቤቱንም የሚያውቁ ሴቶች። ነርሷ ከሩቅ የምትጠይቀውን እነሱ ደጃፍ ቆመው ያያሉ።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። በዚያው ክረምት፣ በጠበል በሚታወቀው የቋራው በርሚል ጊዮርጊስ ኮሌራ ገብቶ ነበር። ኮሌራ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ መድኃኒቱ ግን በዋናነት ፈሳሽ ነው። ኦአርኤስ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቶሎ ቶሎ መስጠት፣ ወዲያውም ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ይህን ለመንገር ቪዲዮ አያስፈልግም፤ ተራ የስልክ ጥሪ ይበቃል፣ መስመሩ ካለ። የሚበጠብጠውና የሚያጠጣው ግን አጠገብ ያለ እጅ ነው።

አሁን በየስብሰባው «ዲጂታል ጤና» ሲባል እሰማለሁ። አልቃወምም። የምጠይቀው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ለነርሷ የምትደውልበትን ካርድ ማን ይሞላል?